ለውሻና ለድመት ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ባለፈው ስብሰባ በምግብ አዳራሹ ዙሪያ ስለሚውሉት ውሾች ብዙ እንደ ተባለ ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የሌሊት ጩኸታቸው እንዳላስጠናችሁ አመለከታችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ አንድ ቀን ያብዳል ብላችሁ እንደምትሠጉ ገለጻችሁ። በመጨረሻም ግቢው ውሾቹን እንዲያስወግድ ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እኛ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አስተያየታችንን እንድናቀርብ ተጠየቅን። ዛሬ የቆምነው ለዚሁ ነው።

«ማስወገድ» የሚለው ቃል ለጆሮ ለስላሳ ነው። ትርጉሙን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማታ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ይበተናል፤ ጧት ሬሳ ይለቀማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሎች ውሾች በዚያው ቦታ ተኝተው ይገኛሉ። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን በየቤታችን ስላሉት ውሻና ድመት መናገር ግድ ይሆንብናል፤ ምክንያቱም የግቢው ውሾች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ከየቤቱ የተጣሉ፣ ወይም ከተጣሉት የተወለዱ ናቸው።

በአገራችን ውሻ የደጅ ዘበኛ ነው፤ ድመትም የጎተራ ጠባቂ ናት። የሁለቱም ደመወዝ ትርፍራፊ ነው። ውሻው ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፤ የቤቱ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ጊዜ እምብዛም ነው። ሐኪም የሚባለው ነገር የሚታወሰው ውሻው የጎረቤት ልጅ የነከሰ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ «ተከትቧል ወይስ አልተከተበም?» እያለ ይጠይቃል፤ ወረቀት ይፈለጋል፤ ወረቀት የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የዘገየው ውሻው ሳይሆን ባለቤቱ መሆኑ ነው።

ለዚህ ቤተሰቦቻችንን ብቻ ልንወቅስ አንፈልግም። ሙያችን ራሱ የተወለደው ለከብት ነው። የእንስሳት ሕክምና በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በ1761 እ.ኤ.አ. ክሎድ ቡርዥላ የተባለ ፈረንሳዊ በሊዮን ከተማ ትምህርት ቤት ባቋቋመ ጊዜ ሲሆን፣ ለዚህ ያነሣሣውም የከብት ዕልቂት ነበር። በእኛም አገር ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ግድም በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ አገሩን ወደ ክፉ ቀን ጣለው። በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በ1979 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ሐሳቡ ወደ በሬና ወደ ላም ቢያዘነብል ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከተሞቻችን ሰፍተዋል፤ በየግቢው ውሻ አለ፤ ለበሬ የተሰጠው ተራ ለውሻና ለድመትም ሊደርሳቸው ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለእነርሱም ይሠራል።

ከልደት እንጀምር። ቡችላ ሲወለድ የመጀመሪያው መድኃኒቱ እንገር ነው። እናቲቱ ያካበተችውን የበሽታ መከላከያ በእንገሩ ታወርሰዋለች፤ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ያልጠባ ቡችላ ይህን ውርስ ያጣል። ይሁን እንጂ ይኸው ውርስ ቆይቶ ለክትባት እንቅፋት ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቲቱ መከላከያ በቡችላው ደም ውስጥ ሳለ ክትባት ቢሰጠው፣ ያ መከላከያ ክትባቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል፤ የቡችላው አካልም ምንም ሳይማር ይቀራል። ውርሱ በአንዱ ቡችላ በሁለት ወሩ፣ በሌላው በሦስት ወሩ፣ በሌላውም ከዚያ ዘግይቶ ያልቃል። በማን ላይ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀምርና፣ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት ልዩነት እየደጋገመ ይከትባል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሐኪሙ ገንዘብ ሊያበዛ ነው» ይላል። አይደለም። የሚደጋገመው፣ በሩ የሚከፈትበትን ሳምንት ስለማናውቅ በየጊዜው ማንኳኳት ስላለብን ነው። ከዚያ በኋላ በስድስት ወሩ ወይም በዓመቱ አንድ ጊዜ ከተደገመ፣ ለአብዛኞቹ ዋና ዋና ክትባቶች በየሦስት ዓመቱ ማደስ ይበቃል።

ክትባቱ የሚከላከላቸው በሽታዎች ቀላል አይደሉም። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ የቡችላን አንጀት ልጦ በደም ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ይገድላል። ቡችላው የሞተበት መሬት ለብዙ ወራት ቫይረሱን ይዞ ስለሚቆይ፣ «የመጀመሪያው ሞተብን» ብለው ሌላ ቡችላ የሚያመጡ ሰዎች ሁለተኛውንም ሲቀብሩ እናያለን። በተራ ሳሙና አይጠፋም፤ በረኪና ግን ያጠፋዋል። ዲስቴምፐር ደግሞ በሳል ጀምሮ በመንቀጥቀጥ ይጨርሳል። በድመትም በኩል አንጀትን የሚያጠቃ የራስዋ ቫይረስና የጉንፋን ዓይነት በሽታዎች አሉ፤ የክትባቷ ሥርዓት ከቡችላው ጋር ተመሳሳይ ነው።

የሆድ ትል ነገር ከዚህ ይቀድማል። የውሻ ወስፋት ከእናት ወደ ጽንስ በማኅፀን ሳለ ይተላለፋል፤ ንጹሕ መስሎ የሚታየው ቡችላ ትሉን ይዞ ነው የሚወለደው። ስለዚህ የትል መድኃኒት በሁለተኛው ሳምንት ይጀመርና እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይሰጣል። ለድመት ግልገል በሦስተኛው ሳምንት መጀመር ይበቃል፤ ለእርስዋ ትሉ የሚተላለፈው በወተት ነውና። የትሉ እንቁላል በግቢ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ አፈር የሚጫወቱ ሕፃናት ይውጡታል፤ አንዳንድ ጊዜም የተፈለፈለው ትል በልጁ ዓይን ውስጥ ገብቶ ብርሃኑን ያሳጣዋል። እንግዲህ ለቡችላው የሚሰጠው መድኃኒት ለማን እንደ ተሰጠ እናንተው ፍረዱ።

ስለ ምግብ ጥቂት እንበል፤ በዚህ በኩል ከቤታችን ልማድ ጋር የሚጋጭ ነገር አለና። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርት ግን፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። አንድ ቀን የወጥ ፍትፍት የቀመሰ ውሻ ይሞታል ማለታችን አይደለም፤ ዘወትር ቀይ ወጥ የሚቀለብ ውሻ ግን ድዱ ነጭ ሆኖ፣ ሰውነቱ ደክሞ ሲመጣ ምክንያቱን ከድስቱ ውስጥ መፈለግ ነው። ድመት ደግሞ ጾም አታውቅም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር አካሏ በበቂ ሊሠራ ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ካላገኘች ዓይኗ ይፈዛል፣ ልቧም ይደክማል። ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ ፍትፍት የምትሰነብት ድመት ጾሙን የምታልፈው በአይጥ ነው። ቤተሰቡ ቢጾምም ለእርስዋ ጥቂት ዓሣ ወይም ሥጋ መፈለግ ነውር የለውም፤ ጾሙ የእርስዋ አይደለምና።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በግ በግቢ ይታረዳል፤ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ አራጁ ቆርጦ ለውሻ ይወረውራል። ለሰው አይሆንም ያለውን ለውሻ መጣሉ ጥንቃቄ መስሎት ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያሉት ግን ገና ያላደጉ የኮሶ ትሎች ናቸው። በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋሉ፤ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጎመን፣ በውሃ፣ በእጅ ወደ ሰው አፍ ይደርሳል፤ ከዚያም በሰውየው ጉበት ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ሲያድግ ይኖራል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ማቃጠል ወይም ውሻ የማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር፣ ለውሻውም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ መድኃኒት በየጊዜው መስጠት። ለመጪው በዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ይህን ለአባቶቻችሁ ብትነግሩ ትልቅ ሥራ ሠራችሁ እንላለን።

ውሻና ድመት ለአካለ መጠን ሲደርሱ የማምከን ጉዳይ ይነሣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ «ተፈጥሮን መቃወም ነው» ይላል። ይኸው ሰው ግን ለማድለብ ያሰበውን ሙክት ሲያኮላሽ ተፈጥሮ ትዝ አይለውም። ሴት ድመት ገና በአራት ወርዋ ልታረግዝ ትችላለች፤ ሁለት ወር ያህል አርግዛ ትወልዳለች፤ ግልገሎቿን እያጠባች እንደ ገና ታረግዛለች። የሚወለዱት ወዴት ይሄዳሉ? በካርቶን ሆነው ገበያ ዳር ይጣላሉ። ያልመከነች ሴት ውሻ ዕድሜዋ ሲገፋ ማኅፀኗ መግል ሊሞላና በድንገት ሊገድላት ይችላል፤ ወንዱም ሴት ፍለጋ አጥር ዘሎ ከሌሎች ጋር ሲናከስ ይቆስላል። ከሚራቡት ውሾች መካከል በመገናኛ አካላቸው ላይ የሚያድግ፣ በሩካቤ የሚተላለፍ ዕባጭ አለ፤ የግቢያችን ውሾች ሲደሙ ያያችሁት ምናልባት ከዚህ ነው። አስቀያሚ ቢሆንም በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ለጤነኛው እንስሳም ነው። ክብደቱ ይመዘናል፤ ጥርሱ፣ ጆሮው፣ ልቡ ይታያል፤ ቁንጫና መዥገር ይፈለጋል። በዚህ ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን እንስጥ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው አንድ ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ለውሻ ቁንጫ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ለድመት ፈጽሞ አይደረግም። «አሳዘነችኝ» ተብሎ በተሰጠ መድኃኒት የሞተች ድመት ሐኪሙን ያህል ማንንም አታሳዝንም።

እርጅና ሲመጣ፣ ማለት ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ማሳየት ይሻላል። ድመቷ ውሃ ማብዛት ከጀመረች ኩላሊቷን ይመርመሩላት፤ ውሻው ምግብ ካፉ የሚጥል ከሆነ ጥርሱን ይዩለት እንጂ «አርጅቷል» ብለው አይለፉት። የማይድን ከሆነና ሥቃይ ከበዛበት፣ ሐኪሙ በመርፌ ያለ ሥቃይ ሊያሳርፈው ይችላል። ዐሥር ዓመት ሌሊት ሌሊት በራችንን የጠበቀውን ውሻ ከከተማ ውጭ ወስዶ ከጅብ ጋር መተው ግን ከጨዋ ቤት የሚጠበቅ አይደለም።

አሁን ስብሰባውን ወደ ጠራው ነገር፣ ወደ እብድ ውሻ በሽታ እንመለስ።

ቫይረሱ ከተነከሰው ቦታ ተነሥቶ በነርቭ መሥመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ መከላከል ይቻላል፤ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ያዳነው በዚሁ ጊዜ ደርሶ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለም፤ ሞት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ለሰው ከሚደርሰው በሽታ 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻውን ስለሚያቅፍ ይነከሳል፤ ቁጣ ስለሚፈራም አይናገርም።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ በዚያውም ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚሄድ አለ፤ እምነቱን አንነካም። የምንለምነው መርፌውን አስቀድሞ እንዲሄድ ብቻ ነው። አባቶቻችን በሆዳቸው ላይ በየቀኑ የተወጉትን የበግ አንጎል ክትባት እያስታወሱ የሚፈሩ ካሉ፣ ዛሬ በክንድ የሚሰጠው አዲሱ ክትባት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወጋ መሆኑን ንገሯቸው። የነከሰውን ውሻ ደግሞ አትግደሉት፤ ከሰው አርቃችሁ 10 ቀን እሠሩት። በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ኖሮ ቢሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይሞታል፤ 10 ቀን በጤና ከቆየ ግን በዚያ ንክሻ አላስተላለፈም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚቀረው ለውሻው ከ12 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በሚሰጥ፣ በዓመቱም በሚታደስ አንድ መርፌ ነው። ድመትም ይህን ክትባት ትፈልጋለች፤ እርስዋም ትነክሳለችና። ጥቅሙ ለሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ የባሌን ተራሮች እንጥቀስ። በዓለም ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛው ያህል በእብድ ውሻ በሽታ አለቁ። በሽታውን ያመጡት የእረኞች ውሾች ነበሩ። ቀበሮዎቹ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥጋ ውስጥ በተቀበረ ክትባት ሲከተቡ ቆይተዋል። በተራራ ላይ ለሚኖር አውሬ ይህን ያህል ከተደከመ፣ በምግብ አዳራሹ ደጅ ለሚተኛው ውሻ መርፌ ይጠፋል?

ስለ ደብዳቤው ያለን አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ውሾቹ የሚኖሩት ምግብ ስላለ ነው። ዛሬ ቢገደሉ ትርፍራፊው ይቀራል፤ ቦታው ባዶ ስለሆነ ማንም ያልከተባቸው አዲሶች ከየሰፈሩ ይገባሉ። በመርዝ የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ያልቃል፤ ባለቤት ያለው ውሻና ድመትም ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ከአንድ ቦታ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚሸጋገርበት ስለሚያጣ ይቆማል። እኛ በቆጠርነው በግቢው 20 ውሾች አሉ፤ ስለዚህ 14 መከተብ ይበቃል፤ ሃያውንም ብንይዝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል። ዕድሜያቸው ሦስት ወር ያልሞላቸው ቡችሎችም በእንዲህ ያለው ዘመቻ ላይ አይዘለሉም። ጩኸቱን በተመለከተ፣ ሴቶቹ ሲመክኑና የቆሻሻው በርሜል ክዳን ሲበጅለት በብዙ ይቀንሳል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው ብለን ባለፈው ዓመትም አመልክተን ነበር።

ስለዚህ ማኅበሩ የማስወገዱን ደብዳቤ ትቶ፣ በምትኩ ለክትባቱና ለማምከኛው ቀን ፈቃድና ክዳን ያለው በርሜል የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዲጽፍ እናሳስባለን። ፈቃዱ ከተገኘ ሥራው የሚጀመረው ጧት ቁርስ ከመታደሉ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ውሾቹ ከወጥ ቤቱ በስተኋላ ይሰበሰባሉ። ከሁላችን ይልቅ የሚያምኑት የወጥ ቤት እናቶችንና የሌሊት ዘበኞችን ስለሆነ፣ ከእነርሱ ጋር ተነጋግረን ተስማምተዋል። ውሻ የሚይዙት አስቀድመው ለራሳቸው የተከተቡት የእኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ከእናንተ የምንፈልገው መዝገብ የሚይዙ አራት፣ በተከተበው ውሻ አንገት ላይ የሚታሰረውን ቀይ ጨርቅ የሚቀዱ ሁለት፣ ውሃና ሳሙና ይዘው የሚቆሙም ሁለት ሰዎች ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ በቤታችሁ ውሻ ወይም ድመት ያላችሁም በዚያው ቀን በገመድ ወይም በቅርጫት ይዛችሁ ብትመጡ እንከትብላችኋለን።